ለችሎት የተተከለው የእድር ድንኳን

የእድራችን ዕቃ ያዥ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ያለ ሞት ከግምጃ ቤት ድንኳን ያወጣሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም ያወጣሁት ለፍርድ ቤት ነው። ያን ዕለት የሆነውን ቢቸና ውስጥ ያላወራ ሰው የለም። ወሬ እየዞረ ሲሄድ ይፋፋልና አሁን አሁን አባቴ ከሬሳ ሳጥን ውስጥ ተነሣ የሚሉም ሰምቻለሁ። ሳጥን አልነበረም። የነበረውን እኔ ልንገራችሁ፤ አግዳሚዎቹን የደረደርኋቸው እኔ ነኝና።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። የእጅ ጽሕፈቴ ግን ያምር ስለነበር ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። የሰፈራችን እድርም ይህንኑ ጽሕፈቴን አይቶ ዕቃ ያዥ አደረገኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ድስቶቹና ጥሩንባው በእኔ እጅ ናቸው። ቀን የሰው ክስ እጽፋለሁ፣ ሰው ሲሞት ደግሞ መቀመጫ አወጣለሁ። ጓደኞቼ «አንተ ከተጣላም ከሞተም ታተርፋለህ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

አልጽፍም ያልሁት ማመልከቻ አንድ ብቻ ነው፤ የአባቴን። አባቴ ሽባባውና ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ሞላ በእናታቸው ቤት የተነሣ ሰባት ዓመት ተካሰዋል። ቤቱ ቢቸና ነው፤ እኛ የምንኖርበት። ጋሼ ሞላ ሞጣ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነው። እሱ «ቤቱ የሁለታችንም ነው» ይላል። አባቴ ደግሞ «እናታችንን የጦርሁም የቀበርሁም እኔ ነኝ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ነገሩን ያከፋውም ይኸው ነው።

እኔ የሁለቱም ልጅ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ጋሼ ሞላ ልጅ አልወለደምና ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ወደ ሞጣ ወስዶ እስከ አሥረኛ ክፍል አሳደገኝ። የትምህርት ቤት ልብሴን ራሱ ነበር የሚሰፋልኝ። «ቶሎ ታድጋለህ» እያለ ሁልጊዜ ለከርሞ የሚሆነኝን ስለሚሰፋ አንድም ዓመት ልክ የሆነ ሱሪ ለብሼ አላውቅም። ክሱ ሲጀመር አባቴ መጥቶ ከነሻንጣዬ ወሰደኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሞጣን አላየሁም። በአውቶቡስ ግማሽ ቀን የማይሞላ መንገድ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ መናኸሪያው አጠገብ ባለፍሁ ቁጥር «ሞጣ! ሞጣ!» የሚለውን ረዳት እንዳልሰማ ሆኜ አልፋለሁ።

የውሳኔው ቀን ሲቃረብ አባቴ እራት ላይ እንዲህ ብሎ ማለ።

«ውሳኔው ይነበብ። ብረታም ብሸነፍም ከዚያ ወዲያ ወንድም የለኝም። አንተም አጎት የለህም። ያን ዕለት በእኔ በኩል ትቀመጣለህ፤ ሰው ሁሉ ይይህ።»

እናቴ ማማሰያዋን ይዛ ቆማ ቀረች። አባቴ የማለውን የሚያፈርስ ሰው አይደለም። ጋሼ ሞላም እንደዚሁ እንደማለ ከሞጣ የመጣ ሰው ነግሮኛል። ስለዚህ ከዚያ ችሎት በኋላ ያሳደገኝን ሰው ላጣው ነው፤ ያም በፊርማና በማኅተም።

ችሎቱ ተዘዋዋሪ ነበር። ዳኞቹ ከሌላ ከተማ መጥተው ሁለት ቀን ያስችሉና ይሄዳሉ። በዋዜማው ሬጅስትራሯ ከቢሮዋ ወጥታ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። ለአገሩ አዲስ የሆነች፣ ሁሉ ነገር የሚያስጨንቃት ወጣት ናት።

«አንተነህ፣ ባለፈው ሕዝቡ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ሰብሳቢ ዳኛው ተቆጥተዋል። ችሎቱ ግልጽ ነው፤ ሕዝብ ተቀምጦ ይስማ ብለዋል። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ወንበሮች ለግማሹም አይበቁም። መቀመጫ ፈልግልኝ።»

«ከየት አምጥቼ?»

«እኔ እንጃ። የአገሩ ልጅ አንተ ነህ።»

ቢቸና ውስጥ ያን ያህል መቀመጫ በአንድ ላይ ያለው እድር ብቻ ነው። የእድራችን ዳኛ ወደሆኑት ወደ አቶ ጓዴ ቤት ሄድሁ። እኛ ዘንድ የእድር መሪም ዳኛ ነው የሚባለው፤ አቶ ጓዴ ደግሞ ከመንግሥቱ ዳኛ ይልቅ ይከብዳሉ።

«ደንባችን ምን ይላል?» አሉኝ ነገሩን ሰምተው።

«ያለ ሞት ዕቃ አይወጣም ይላል።»

«ሰው ሞቷል?»

«አልሞተም።»

«እንግዲያስ ሂድ።»

ሄድሁ። አጥሩን ልሻገር ስል ጠሩኝ።

«ነገ የሚታየው የማን ጉዳይ ነው?»

«የኛም አለበት። የአባቴና የጋሼ ሞላ፤ ውሳኔ ነው።»

ጢማቸውን ይዘው ጥቂት አሰቡ። «ለእኔ ከፊተኛው አግዳሚ ቦታ ያዝልኝ» አሉ በመጨረሻ። «ድንኳኑንም ጨምረህ ውሰድ። የግንቦት ፀሐይ አግዳሚ ያጣምማል።»

ጥሩንባውን ግን አልነካሁም። ይህንን የምናገረው በኋላ ጥሩንባ ተነፍቷል ብለው ስላስወሩብኝ ነው።

ሲነጋጋ ድንኳን ተካዮቹን ይዤ ፍርድ ቤቱ ግቢ ገባሁ። አራት ናቸው፤ ሲሠሩ አያወሩም። ለቅሶ ቤት ሲተክሉ የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ ዝምታው እጃቸው ላይ አድሯል። ድንኳኑን ከአዳራሹ በር ፊት ለፊት ዘረጉና አግዳሚዎቹን እንደ ልማዳቸው ዙሪያውን ደርድረው፣ ከራስጌው ለሐዘንተኛ የሚሆን ባዶ ቦታ ትተው፣ እዚያም ምንጣፍ አነጠፉ።

«ኧረ ምንጣፉን አንሡት» አልኋቸው። «ለቅሶ አይደለም፤ ችሎት ነው።»

አንደኛው ምንጣፉን አየና «ታዲያ የተሸነፈው የት ይቀመጣል?» አለኝ።

አግዳሚዎቹን ወደ አዳራሹ በር አዞርናቸው። ከመካከላቸው ስምንቱን ወደ ውስጥ አስገብቼ በቀኝ አራት፣ በግራ አራት አደረግሁ። ቀኙ ለአባቴ ሰዎች፣ ግራው ለጋሼ ሞላ ሰዎች ነው። ከዚያ መሐል ላይ ቆሜ አንድ ጥያቄ ገጠመኝ፤ እኔስ? ለአቶ ጓዴ ቦታ ይዣለሁ፣ ለሽማግሌ ይዣለሁ፣ ለራሴ መያዝ አቃተኝ። በቀኝ ብቀመጥ ጋሼ ሞላ ያየኛል። በግራ ብቀመጥ አባቴ ያየኛል። ብልሃት መሰለኝና አንዲት አጭር አግዳሚ አምጥቼ መተላለፊያው ላይ፣ ልክ መሐል አስቀመጥኋት። ሬጅስትራሯ ገብታ አየቻት።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የአስተናባሪ ናት።»

«መንገድ ዘግታለች። አንሣት።»

አነሣኋት።

አሁን ወደ ውጪ ተመለሱልኝ። ማለዳ ዝም ብለው አግዳሚ የተሸከሙ አራት ሰዎች በከተማው ሲያልፉ ያየ ሁሉ ያለምንም ማስረጃ ፍርድ ሰጥቷል። እኛ አገር መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። አስቀድሞ የጠየቀ ሰው እንባውን መርጦ ያፈስሳል ተብሎ ይታማል። መጀመሪያ የደረሱት ጎረቤታችን እትዬ ጥሩሰው ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ከግቢው በር ጀምሮ «እኔን! እኔን!» እያሉ ገቡ።

«እትዬ ጥሩሰው፣ የሞተ ሰው የለም» አልኋቸው ሮጬ።

«ምን ማለትህ ነው? ይሄ ድንኳን የማን ነው?»

«የእድር ነው። ፍርድ ቤቱ ተውሶን ነው፤ ለችሎት።»

ድንኳኑን አዩ፤ እኔን አዩ። «እኔ ደግሞ ንፍሮ ጥጄ መጥቻለሁ» አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ጥላው ሥር ተቀመጡ። «ከመጣሁ አይቀር የእናንተን ጉዳይ ሰምቼ እሄዳለሁ። ንፍሮውንም ልጄ ታምጣው፤ ሜዳ ላይ አይጣልም።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ሰዓት ሲቃረብ ድንኳኑ ሥር ከሃያ የማያንሱ ሴቶች ነበሩ። ሁሉም ለሐዘን መጥተው ለችሎት የቀሩ ናቸው። ነጠላው እንደተዘቀዘቀ የቀረባቸው ነበሩ፤ ሁለት እንቅብ ንፍሮም መጥቷል። ለማያውቅ ሰው ሲታይ ከዚህ የበለጠ ለቅሶ አይገኝም። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ሐሳቤ ሁሉ ጋሼ ሞላን ይዞ በሚመጣው የሞጣ አውቶቡስ ላይ ነበር። አባቴ ደጋፊዎቹን አስከትሎ ገብቶ በቀኝ በኩል ተቀምጧል። በግራ ያሉት አራት አግዳሚዎች ባዶ ናቸው። የማንጎራጎር ድምፅ ከውስጥ ይሰማኛል፤ አባቴ ቅኔ ቤት ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ስለሆነ ሲጨንቀው በአፍንጫው ያዜማል።

ያኔ ሞባይል ስልክ ወደ እኛ አገር አልገባም። ከሞጣ የተነሣ ሰው ቢቸና ምን እንዳለ የሚያውቀው ሲደርስ ነው። ጋሼ ሞላ ብቻውን መጣ። በአንድ እጁ ጥላ፣ በሌላው የመዝገቡን ቦርሳ ይዞ የግቢውን በር ሲያልፍ አየሁት። ሸብቷል። ኮቱ ጠቦታል፤ የሰው ልብስ የሚሰፋ ሰው የራሱን አይሰፋም። ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሜ ነበር። «እንኳን ደህና መጣህ ጋሼ» ልለው ከሌሊት ጀምሮ አዘጋጅቼ ነበር፤ ገና ሳየው ግን እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሰባት ዓመት ቀላል አይደለም፤ እኔም ምን ላድርግ።

እሱ ደግሞ ያየው ይህንን ነው፦ ወንድሙ ያለበት እድር ድንኳን፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ንፍሮ፣ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ የሚያለቅስ የወንድሙ ልጅ። የችሎቱ ነገር ከአእምሮው ወጣ። ጥላው ወደቀ፣ ቦርሳው ወደቀ፣ የሰባት ዓመት መዝገብ አፈር ላይ ተበተነ።

«ሽባባው!» ብሎ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ቆይ፣ አይደለም…» አልሁ፤ ግን ማን ይስማኝ። እትዬ ጥሩሰውና ሴቶቹ ከጠዋት ጀምሮ የታመቀ እንባ ነበራቸው። እውነቱን እያወቁ፣ ሰው ሲያለቅስ ዝም ብሎ ማየት ነውር ስለሆነባቸው ብቻ ብድግ ብለው ተቀበሉት። ግቢው በለቅሶ ተናጋ። ጋሼ ሞላ ደረቱን እየደቃ አወረደው፦

«ሰባት ዓመት ሙሉ በመጥሪያ ስጣራ፣
ዛሬ ማን ቀደመኝ ወንድሜን ሊጠራ።»

ወደ አዳራሹ ሮጥሁ። አባቴ በሩ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባባ፣ ሞተሃል ብሎ ነው! ውጣና ታይለት!»

ክንዴን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። «ቆይ» አለ በሹክሹክታ። «አታቋርጠው።»

«ኧረ ሰውዬው ይሞታል!»

«አይሞትም። ዝም በል፣ ልስማበት።»

ከውጪ ድምፁ መጣ፦

«ውሰደው ቤቱንም ውሰደው ጓሮውን፣
ምን አደርገዋለሁ ያላንተ ኦናውን።»

አባቴ ዓይኑ በራ። «ሰማህ?» አለኝ። «ቤቱን እየሰጠኝ እኮ ነው። ከነጓሮው!» ዞር ብሎም ከፊተኛው አግዳሚ ላይ የተቀመጡትን አቶ ጓዴን «እርስዎም ይስሙልኝ» አላቸው። አቶ ጓዴ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው እየሰሙ ስለነበር ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ይህን ጊዜ ዳኞቹ በኋላ በር ገቡ። ሁላችንም ብድግ አልን። ሰብሳቢ ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወደ በሩ ተመለከቱ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

ሬጅስትራሯ ላብ በላብ ሆናለች። «ክቡር ዳኛ፣ ከሳሹ ናቸው። ተከሳሹ ሞተዋል ብለው እያለቀሱ ነው።»

«ተከሳሹ ሞተዋል?»

«አለሁ ክቡር ዳኛ» አለ አባቴ እጁን አውጥቶ።

«ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?»

አባቴ ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «ክቡር ዳኛ፣ ትንሽ ይታገሡኝ። ገና አልጨረሰም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ራሳቸው አፋቸውን በመዝገብ ሸፈኑ። ጋሼ ሞላ ግን ውጪ ነው፤ የእኛን ሳቅ አይሰማም። ሦስተኛውን አወረደ፦

«በጀርባዬ አዝዬ ያሻገርሁህ ወንዙን፣
ብቻህን ተሻገርህ ምነው የዛሬውን።»

ክንዴን የያዘው የአባቴ እጅ ሲላላ ተሰማኝ። ቀና ብዬ አየሁት። በኋላ እንደተነገረኝ፣ ልጅ ሳሉ ከትምህርት ሲመለሱ ክረምት ላይ ወንዝ ሞልቶ ነበር። ጋሼ ሞላ ያኔ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ሆኖ አባቴን አዝሎ ሲያሻግር እግሩን ድንጋይ ሰንጥቆት እስከ ዛሬ ያነክሳል። ማነከሱን አውቃለሁ፤ ምክንያቱን ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ሞጣም ቢቸናም ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። አባቴም አልነገረኝም። በዚያ ሁሉ የክስ ወረቀት ውስጥ ስለዚያ ወንዝ የተጻፈ አንድ መስመር አልነበረም።

አባቴ ወጣ። ሴቶቹ እያዩት አንድ በአንድ ዝም አሉ። ጋሼ ሞላ መሬት ላይ ተንበርክኮ ስለነበር መጀመሪያ ያየው ጫማ ነው። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«አያ ሞላ» አለው አባቴ።

ጋሼ ሞላ ለረጅም ጊዜ አየው። «አለህ?»

«አለሁ።»

«ማን ነው ታዲያ የሞተው?»

«ማንም አልሞተ።»

ጋሼ ሞላ ወደ ሴቶቹ ዞረ፣ ወደ ድንኳኑ ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ኮቱን እያራገፈ ተነሣ፤ ተቆጥቷል።

«እሰው ፊት አዋረድኸኝ!» አለው አባቴን። «አቁመህ ውሸት አስወራኸኝ!»

«የቱ ነው ውሸቱ?» አለ አባቴ። «ቤቱ ነው ወንዙ?»

ጋሼ ሞላ ልብስ ሲለካ እንደሚያደርገው አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አሰበ።

«ወንዙ እውነት ነው» አለ። «ቤቱን ግን በሐዘን ነው የተናገርሁት። በሐዘን የተነገረ አይጸናም።»

«ይሁን። ቤቱን ዳኞቹ ይጨርሱት» አለ አባቴ። «ወንዙን ግን እኔ ወስጃለሁ አያ ሞላ።»

ከዚህ በኋላ ተቃቀፉ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልተቃቀፉም፤ የጎጃም ወንዶች ናቸው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው የተበተነውን መዝገብ መልቀም ጀመሩ። አባቴ የክሱን ወረቀት አፈሩን እያራገፈ ለከሳሹ ያቀብላል። እትዬ ጥሩሰው ውኃ አምጥተው ጋሼ ሞላን ፊቱን አስታጠቡት። «አልቅሶ ንፍሮ ሳይቀምስ ከድንኳን የሚወጣ የለም» ብለውም እንቅቡን ለአባቴ ሰጡት። አባቴ ለራሱ ለቅሶ የተቀቀለ ንፍሮ በእጁ እያፈሰ ለወንድሙ ሰጠ። ሬጅስትራሯ በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች፤ ልትጠራቸው ግን ድፍረት አላገኘችም።

ችሎቱ ተሰየመ። ጋሼ ሞላ ወደ ግራው ሄዶ ከአራቱ ባዶ አግዳሚዎች ከፊተኛው ላይ ብቻውን ተቀመጠ። በቀኝ የአባቴ ሰዎች ተጠጋግተው ሞልተዋል። እኔ አሁንም መተላለፊያው ላይ ቆሜአለሁ፤ እግሬ ወዴትም አልሄድ ብሏል። አባቴ ወደ ኋላ ዞረ። በእርሱ በኩል እንድቀመጥ የማለውን ያስታውሰኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ሂድ ከአጎትህ ጋር ተቀመጥ» አለኝ ሁሉም እየሰማ። «ሰው የለውም።»

ሄድሁ። ጋሼ ሞላ አላየኝም፤ ግን ቦታ ለቀቅ አደረገልኝ። አራት ባዶ አግዳሚ እያለ ቦታ ለቀቀልኝ። አጠገቡ ስቀመጥ የስፌት መኪና ዘይት ሸተተኝ፤ አሁንም ለቅሶዬ መጣ፣ ግን ሌላ ለቅሶ እንዳላስነሣ ከንፈሬን ነከስሁ።

ሰብሳቢ ዳኛው ውሳኔውን ከማንበባቸው በፊት ሁለቱን ተራ በተራ አዩአቸው። «ከውጪ ከሰማነው ተነሥተን እንጠይቃችሁ። እርቅ አለ?»

«የለም» አለ ጋሼ ሞላ።

«የለም» አለ አባቴ። «ይነበብ።»

ተነበበ። ቤቱ እኩል ይካፈል ተባለ። ጋሼ ሞላ ረታ ማለት ነው። አግዳሚዎቹ ላይ ያለው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ፤ የአባቴን መሐላ የማያውቅ ሰው አልነበረማ። አባቴ ቆብ አጥልቆ ወጣ። ጋሼ ሞላ መዝገቡን ሸክፎ እያነከሰ ተከተለው፤ እኔም በመካከላቸው። ግቢው በር ላይ ሲደርስ አባቴ ቆመ።

«የሞጣው አውቶቡስ ሄዷል» አለ፤ ወደ ማንም ሳያይ።

«ከሰዓት ሌላ አለ» አለ ጋሼ ሞላ።

«እሱም ሞልቷል።»

አለመሙላቱን ሦስታችንም እናውቃለን። አባቴ የማለውን ሲያፈርስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በአውቶቡስ አሳብቦ። ጋሼ ሞላ ያን ምሽት ሰባት ዓመት የተካሰሰበት ቤት ውስጥ አደረ። ከሁለት ዓመት በኋላም ዓይኑ ሲደክም የሞጣውን ሱቅ ዘግቶ ድርሻው ውስጥ ገባ። በፍርዱ መሠረት መሐል ላይ ግድግዳ ተሠራ። ግድግዳው ላይ በር ተከፈተ። በሩ ወደ ማን በኩል ይከፈት በሚል ደግሞ ስድስት ወር ያህል ተኮራረፉ፤ እርሱን ግን ወደ ችሎት አልወሰዱትም።

እድሩ ያለ ሞት ዕቃ በማውጣቴ ቀጣኝ። አቶ ጓዴ ፈቅደውልኝ ሳለ ቅጣቱን የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ስጠይቃቸው «ደንብ ደንብ ነው፤ ቦታው ግን ጥሩ ነበር» አሉኝ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ያ ቀን እኔን ምን አደረገኝ ብትሉ ሥራዬን አበላሸብኝ። እውነቴን ነው። ከዚያ በኋላ ወንድም በወንድሙ፣ ወይም እኅት በእኅቷ ላይ ማመልከቻ ሊያስጽፈኝ ሲመጣ እስክሪብቶዬን ከማንሣቴ በፊት «ነገ ቢሞት ምን ብለህ ታለቅስለታለህ?» እላለሁ። የሚቆጣ አለ። «እንኳን አልቅሼለት!» የሚለኝ አለ፤ ለእሱ ክሱን እጽፍለታለሁ። ዝም የሚለው ነው የሚያስቸግረኝ። ዝም ካለ፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ይናገራል፤ አብረው የጠበቁት ማሳ ወይም አብረው የለበሱት ጋቢ ይሆናል። እሱን በሌላ ወረቀት ላይ በጥሩ ጽሕፈት እጽፍና «ይህንን መጀመሪያ ስጠው፤ ክሱ ነገም ይደርሳል» ብዬ እሸኘዋለሁ። ከነዚያ ውስጥ በማግሥቱ ተመልሰው የመጡ አሉ። ያልተመለሱም አሉ። ሌሎቹ ማመልከቻ ጸሐፊዎች «ይሄ ሰውዬ ገበያችንን ዘጋ» ይሉኛል።

አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ አረፈ። ድንኳኑን ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ በዚህኛው ደንቡን አልጣስሁም። አገር ምድሩ መጣ። እትዬ ጥሩሰው አርጅተው በሰው ተደግፈው መጡ። ጋሼ ሞላ ግን ከፊተኛው አግዳሚ ላይ፣ እጁን በምርኩዙ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ደረት አልመታም፣ ሙሾ አላወረደም፣ ድምፁን አላሰማም። በዚያ ቀን ያለቀሰውን የሚያውቁት ሁሉ ይጠብቁታል። ሰዓቱ እየሄደ ሲመጣ ማንሾካሾክ ተጀመረ። አቶ ጓዴ ጠጋ ብለው «አጎትህን አናግረው እንጂ፤ ሰው ምን ይላል?» አሉኝ።

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«ጋሼ፣ ሰዉ እያየህ ነው።»

«ይየኝ።»

«አንዲት ስንኝ እንኳ አትልለትም?»

ዓይኑን ከምርኩዙ ላይ ሳያነሣ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ መለሰልኝ።

«ነግሬዋለሁ እኮ ልጄ። እሱም ቆሞ ሰምቶኛል።»